በራሷ ውኃ ወደ አል ሂሊ

ባለፈው ሳምንት በአቡዳቢ፣ በያስ ደሴት ከምሠራበት ሆቴል ወጥቼ በመኪና ማቆሚያው ሳልፍ፣ አንዲት መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማ አየሁ። ከሥሯ አረንጓዴ ፈሳሽ በአስፋልቱ ላይ ተንጣሏል፤ ከላዩ የሚነሣው እንፋሎት የተቃጠለ ማር የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ጣፋጭ ሽታ ነበረው። ባለቤቷ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሳደባል። እኔ ግን ባለሁበት ቆምሁ። ሌላውን ሰው ወደ ልጅነቱ የሚመልሰው ዝናብ የመታው አፈር ወይም የእናቱ ሻሽ ይሆናል፤ እኔን የሚመልሰኝ የፈላ ራዲያተር ሽታ ነው። የሚመልሰኝም ወደ አንድ ወቅት ብቻ ነው፦ የአባቴ አገር ወሎ በጭጋግና በዝናብ በሚሸፈንበት፣ ያደግሁባት የበረሃ ከተማ አል ዐይን ግን ከማለዳ ጀምራ በምትነድበት በዚያ የትምህርት ቤት ዕረፍት።

የምንኖረው በከተማዋ የአል ጂሚ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጀርባ፣ ሙልሐቅ በሚሉት የሠራተኞች ቤት ነበር። አባቴ እንድሪስ የቪላው ሹፌር፣ እናቴ ዘይነባ ምግብ አብሳይ ነበሩ። የአባቴ ካፊል፣ ማለትም በስማቸው ያስመጡትና የሚያሠሩት አሠሪው፣ ሁላችንም ባባ የምንላቸው ሽማግሌው ሰዒድ ናቸው፤ ቤቱን የሚያዝዘው ግን የበኩር ልጃቸው ራሺድ ነበር። ባባ ዓይናቸው ስለ ደከመ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። እዚያው ተወልጄ እዚያው የተማርሁ በመሆኔ ዐረብኛዬ ከአባቴ ይሻል ነበር። የቤተሰባችንን ዕጣ የወሰነውንም ንግግር የሰማሁት አንድ ቀን እንዲሁ ጋዜጣ ዘርግቼ በተቀመጥሁበት ነው።

«ባባ፣ ከቤት ከወጡ ስንት ጊዜዎ ነው?» አለ ራሺድ ቆሞ። «እኔ ራሴ እነዳለሁ፣ ማዳምም ትነዳለች። ሹፌር ምን ይሠራል? ኢቃማቸው ትምህርት ቤት ሳይከፈት ያልቃል፤ አላድሰውም።»

«መኪና ያለው ሰው ሹፌር አለው» አሉ ባባ።

«የትኛው መኪና?»

«የእኔዋ።»

ራሺድ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ለልጅ የሚሳቅ ዓይነት ነበር። «እሷማ ሞታለች፣ አባቴ።»

«ብትነሣስ?»

«ተነሥታ አንድ ቦታ አድርሳ ትመልስዎትና፣ እንድሪስም ቤተሰቡም ይቀመጡ። ቃሌ ነው።»

ሮጬ ለእናቴ ነገርኋት። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ስሰማ፣ ጓዳ እንደምታስቀምጠው ዱቄት መስሎኝ፣ ለምን ሌላ እንደማይገዙ ጠየቅኋት። የምታጥበውን ድስት አስቀምጣ እጇን ለረጅም ጊዜ ስትጠርግ ትዝ ይለኛል።

መኪናዋ በግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመች፣ ባለ ሸራ ጣሪያ የእንግሊዝ ሥሪት የመስክ መኪና ነበረች። ባባ የገዟት ከአል ዐይን ወደ አቡዳቢ የሚያደርሰው መንገድ አሸዋ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። አባቴ በዚያ ሐሩር ከሥሯ ተጋድሞ ፍሬኗን ፈታ፣ ነዳጅ ማስተላለፊያዋን አጠበ፣ ሽቦዎቿን አንድ በአንድ ቀየረ። ባባ ወንበር አስወጥተው፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጠው፣ የማያዩትን ሥራ በጆሮ ይከታተሉ ነበር። ሞተሩ የተነሣ ዕለት እናቴ ከወጥ ቤት በር ላይ እልል አለች፤ የራሺድ ሚስት የማዳም ፊሊፒናዊት ሞግዚት አጨበጨበች። ወዲያው ግን ከፊት በኩል አባቴ የሞላባት አረንጓዴ ውኃ መንጠባጠብ፣ ቀጥሎ መፍሰስ ጀመረ። እንፋሎቱ ፊታችንን መታን። ያን ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ የደስታችን ሽታ መስሎኝም ነበር።

የጎደለው እንግዲህ ራዲያተር ብቻ ነበር። ሞተር ያለ እሱ የሚሄደው ትንፋሽ ይዞ የሚሮጥ ሰው የሚሄደውን ያህል ነው።

ሰናዕያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ጉል የሚሉት፣ ጺሙን በሒና ያቀላ ፓኪስታናዊ የራዲያተር ጠጋኝ ነበረ። አሮጌውን ራዲያተር አፍና ጭራውን በጎማ ደፍኖ፣ በቱቦ አየር እየሞላ ገንዳ ውስጥ ነከረው። አረፋ ካንድ ቀዳዳ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ገንዳው በሙሉ ተንተከተከ። እኔ ደስ አለኝ፤ የሚተነፍስ ነገር ሁሉ በሕይወት አለ ብዬ አምን ነበርና።

«አባ፣ ይተነፍሳል!»

ጉል ምን እንዳልሁ ሳይገባው ከእኔ ጋር ሳቀ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ በገበያ ዐረብኛው፣ «ያ እንድሪስ፣ ይህ የዓሣ መረብ ነው። ባሕር ጣለው፣ እራትህን ታጠምድበታለህ» አለው።

«ድፈንልኝ።»

«አንዱን ስደፍን ጎረቤቱ ይከፈታል። ዕድሜውን ሙሉ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጣ ኖሮ መዳቡን ጨው በልቶታል። የአሉሚኒየም ልግጠምልህ፣ ነገ ይደርሳል።»

አባቴ ይህንኑ ለባባ አቀረበ። ባባ የአሉሚኒየም የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ ሲሰሙ እጃቸውን አወናጨፉ። «እሱን ለፍሪጅ ግጠሙት። እሷ በመዳብ ተወልዳለች።» ትእዛዙ ትእዛዝ ነው። አዲስ የመዳብ ራዲያተር ከባሕር ማዶ ለማስመጣት ደግሞ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሌላ ዕረፍት ሊመጣ ነው።

ስለዚህ ራዲያተሩን በእናቴ አሮጌ አንሶላ ጠቅልለን በአውቶቡስ አቡዳቢ ወረድን። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ስንሄድ ተሳፋሪው ሁሉ ያየን ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ሕፃን የያዝሁ መስሏት ፊቱን እንድገልጥለት መከረችኝ። በሙሰፋሕ የአሮጌ መኪና ግቢዎች ብረት እንደ ድንጋይ ካብ ተቆልሏል። የባሕሩ ወበቅ ከዛገ ብረትና ከዘይት ሽታ ጋር ተደባልቆ በምላስ ላይ ይቀመጣል። ከግቢ ግቢ ስንዞር ውለን በመጨረሻ አንድ የከሚሴ ልጅ አገኘን፤ በአማርኛ ሰላም ሲለን አባቴ ልጁን እንዳገኘ ሰው አቀፈው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ልጁ አንሶላውን ገልጦ አይቶ። «የዚህ ዘመዶች ሁሉ ቀልጠው ቻይና ገብተዋል። እርስዎ የያዙት ወላጅ አልባ ነው።»

አባቴ ሳቀ፤ ስንመለስ ግን እስከ አል ዐይን ራዲያተሩን ራሱ ታቅፎ ተቀመጠ። እናቴም በሩን ስትከፍት አንሶላውን አይታ፣ «ይህን ቆርቆሮ ከምትታቀፍ ልጅህን ብትታቀፍ ምን ነበረበት!» አለችው። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አብሽር» አለችው፤ በወሎ አይዞህ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቃል ይልቅ ሁለተኛው አስፈራኝ።

የመጨረሻውን ፍንጭ የሰጠን ጉል ነው። አል ሂሊ ውስጥ፣ ከኦማን ድንበር ወዲህ፣ በአንድ የቴምር እርሻ ውስጥ ቁርጥ እንደዚህች ያለች መኪና አይቻለሁ አለን። አባቴ የባባን ፍሉስ ይዞ፣ ራዲያተሩን ሊገዛ፣ እኔን ለአስተርጓሚነት አስከትሎ ሄደ። የእርሻው ባለቤት ሐመድ የሚባሉ፣ ወገባቸው የጎበጠ ሽማግሌ ነበሩ። መኪናዋ በዘምባባ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ከእኛዋ የምትለየው አቧራ ስለሌለባት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አገር ወግ መናገር አለብኝ። ወሎ ያደገ ሰው ጉዳዩን በር ላይ አይጥልም። አስቀድሞ ይመርቃል፤ ቤቱን፣ ልጁን፣ ከብቱን ያደንቃል፤ ጉዳዩ የሚመጣው ነገር ሁሉ ከበረደ በኋላ፣ የተረሳ ነገር ትዝ እንዳለ ሆኖ ነው። አባቴም እንዲሁ አደረገ። ዘምባባውን መረቀ። ወደ መኪናዋ ዞሮም፣ «ማሻአላህ! አላህ ይጠብቃት። ዓይኔ እንደዚህ ያለ ራዲያተር አይቶ አያውቅም፤ መዳቡ እንደ ሙሽራ ጌጥ ያበራል። ባለቤቱ የታደለ ሰው ነው» አለ። እኔም ቃል ሳላጎድል፣ እንዲያውም ከራሴ ጨምሬ፣ ወደ ዐረብኛ መለስሁት።

ሽማግሌው የአባቴን በዘይት የጠቆረ እጅ አዩ። «የምትሠራት መኪና እንደዚህች ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

«አንድ ዓይነት ናቸው፣ ያ ዐም» አልሁ፤ በእነሱ ወግ ሽማግሌ ሰው አጎቴ ይባላል።

«የማን እንደሆነች አልጠይቅም» አሉ። ቀጥለውም ሠራተኛቸውን በስሙ ጠርተው መፍቻ እንዲያመጣ አዘዙ። አባቴ ነገሩ ገብቶት ኪሱን ሲዳብስ እጁን ያዙት። «ካንተ የምሳሳው ነገር የለም። ወላህ፣ ሳትይዘው ከዚህ አትወጣም።» መሐላ ነውና አባቴ እጁን አወረደ። ራዲያተሩ ሲፈታ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ዘምባባው መልሰው ቆሙ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ የቴምር ብናኝ የገባባቸው መሰለኝ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ በሕይወቴ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድል አላገኘሁም፤ ያለ ፍሉስ፣ በጥሩ አንደበት ብቻ አንድ ራዲያተር ማርከን መጣን።

ባባ በእጃቸው እንዲዳስሱት ጉልበታቸው ላይ አኖርንላቸው። ጣታቸው በመዳቡ ላይ ሄደ፣ ሄደና ከላይኛው ሣጥን ጥግ ላይ ቆመ። እዚያ አባቴ አሽቶ አሽቶ ያልለቀቀለት ጭረት ነበረ፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመርና አንድ ነጥብ። እኔ ፋብሪካው ያተመው ቁጥር መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የግመል ምልክት መሆኑን የተረዳሁት፤ የዚያ አገር ሰው ግመሉን በእሳት እንደሚያትም፣ ባባና ወንድማቸው ባንድ ወቅት የገዟቸውን ሁለት መኪኖች እንዲሁ አትመዋቸዋል። የባባ ምልክት ነጥብ የለውም፤ ባለ ነጥቡ የወንድማቸው ነው።

«ከማን አመጣኸው?» አሉ።

አባቴ ነገራቸው። ባባ ወንድም እንዳላቸው እንኳ በዚያ ቤት የሚያውቅ ሠራተኛ አልነበረም። ሁለቱ የአባታቸውን የቴምር እርሻ ሲካፈሉ ተጣልተው፣ ስማቸውን ሳይጠራሩ አርጅተዋል።

«ወላሂ አልጠየቅኋቸውም፣ ባባ! አደነቅሁ እንጂ።»

«አደነቅህ?» ባባ ሊስቁ ጀምረው ሳል ያዛቸው። «አንተ የዋህ ሐበሻ፣ እኛ ዘንድ ያደነቀ ለመነ ማለት ነው። ሰው ዕቃዬን እንደዚያ ካወደሰ ልሰጠው ግድ ነው። በእኔ ስም ወንድሜን ለመንህ፤ እሱም የማን እንደሆነ እያወቀ የራሱን መኪና ገድሎ ልቧን ላከልኝ።»

«እመልሰዋለሁ።»

«ስጦታ ተመለሰ ማለት ጦርነት ነው።»

«እንግዲያው ልግጠመው።»

«ገጥሜስ በምን እመልስለታለሁ? ምን አለኝ? ሁሉም በልጆቼ እጅ ነው።» መዳቡን እንደ ድመት ጀርባ አሻሹት። «እኔው እሄዳለሁ። በሰው እጅ ሲመለስ ጦርነት ነው፣ እኔው ይዤው ስሄድ ግን ዕርቅ ነው፤ ስጦታውን እግሩ ሥር አኑሬ፣ ላመሰግነው መጣሁ እለዋለሁ። ግን በእሱ ልብ ወደ እሱ አልሄድም። በራሷ ራዲያተር፣ በራሷ ውኃ ትሂድ። አሮጌውን አስደፍነው።»

ከአል ጂሚ አል ሂሊ ሩቅ አይደለም፤ ደርሳ ብትመለስ የራሺድም ቃል ይፈጸማል። ጉል አሮጌውን በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ደፍኖ ደፍኖ፣ መዳቡ የማይታይ እስኪሆን አደረሰው። «ኢንሻአላህ» ብሎ ሰጠን እንጂ እንደ ልማዱ አልቀለደም።

በማግስቱ እናቴ ከአባቴ ጋር ስትሟገት ሰማኋት።

«ጥሩውን ግጠመው። ዓይናቸው አያይ፣ ኮፈን ከፍተው አይመረምሩ! ማን ይነግራቸዋል?»

«አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ዘይነባ።»

«ልጅህስ? እሱ አማና አይደለም? እኔ እሱን ይዤ የት ነው የምገባው? ፊደሉን ጨርሶ በማያውቅበት አገር የት ነው የማስተምረው?»

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጥሩውን ራዲያተር በዚያው አንሶላ ጠቅልሎ፣ ከመኪናዋ ኋላ አጋድሞ በገመድ አሰረው። እኔ በልቤ ከእናቴ ጋር ነበርሁ። እስካሁንም ከማን ጋር እንደሆንሁ ስጠየቅ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

የወጣነው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። አባቴ በንጋት እንሂድ ብሎ ቢለምንም፣ ባባ ወደ ወንድሜ ቤት እንደ ሌባ ጎሕ ሲቀድ አልገባም አሉ። ነጭ ካንዱራ፣ ረጅሙን ቀሚሳቸውን፣ ለብሰው፣ በላዩ ጥቁሩን የክብር ካባ ደርበው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ከሐመድ ራዲያተር ጎን፣ ባባ በእጃቸው ከተከሉት ዘምባባ የተለቀመ የእሸት ቴምር ቅርጫት ታቅፌያለሁ። ለወንድማቸው የሚሰጡት ሌላ የራሳቸው የሆነ ነገር አላገኙም። ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ባባ እንደ ወጣት አፏጩ።

ከአል ጂሚ ቪላዎች ሳንርቅ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ መውጣት ጀመረች። አባቴ የሚያውቀውን የመካኒክ ዘዴ ሁሉ ሞከረ፤ በዚያ ሐሩር የክረምት ማሞቂያዋን ከፈተ፣ ሞተሩ እሳቱን ወደ እኛ እንዲተፋ። ትኩስ አየር እግራችንን ለበለበን። የባባ ላብ ከካባው ሥር ይወርዳል። መርፌዋ ትንሽ ወረደች፤ አባቴ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ያ ጣፋጭ ሽታ መጣ። ኮፈኑን ጢስ ሸፈነው፣ ሞተሩም አንዴ ጮሆ ዝም አለ።

«ምን ያህል ቀረን?» አሉ ባባ።

«ዘምባባው ይታያል» አልኋቸው። እውነትም ይታይ ነበር።

አባቴ ኮፈኑን ከፈተ፤ የተደፈነው ሁሉ ቀልጦ ነበር። ወደ ባባ መስኮት መጥቶ ተንበረከከ። «ባባ፣ ይፍቀዱልኝ። የወንድምዎ ከኋላ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እገጥመዋለሁ። ደርሰን እንመለሳለን።»

ባባ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያች ቅጽበት የራሺድ መኪና ከኋላችን ደርሳ ቆመች፤ ሞግዚቷ መውጣታችንን ለማዳም ነግራ፣ እሷ ለባሏ ደውላ ኖሯል። ባባ ምን ሊሉ እንደነበር ያወቀ ሰው የለም። ራሺድ አልተቆጣም። ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ ወረደ፣ የአባቱን ፊት በእጁ አበሰ፣ ካባቸውን አወለቀላቸው፣ «ኸላስ ባባ፣ በቃ፣ ኸላስ» እያለ ደግፎ ወደ ራሱ መኪና ወሰዳቸው። ለአባቴ የነገረው ተመልሶ መጥቶ ነው።

«እንድሪስ፣ ራስህ አየኸው። ሪከቨሪ መኪና ጠርቻለሁ፣ ጭኖ የሚገዛት ሰው ዘንድ ይወስዳታል፤ ያለ የሌለ ዕቃዋ አብሮ ይሂድ። የእናንተንም ቲኬት አስቆርጣለሁ። በአባቴ ሕይወት የምትጫወትበት ነገር አበቃ።»

መኪናው ሲሄድ ባባን ለማየት ሞከርሁ፤ መስተዋቱ ጥቁር ስለሆነ ያየሁት የራሴን ፊት ነው።

አባቴ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረ። ከዚያ ገመዱን ፈትቶ አንሶላውን ትከሻው ላይ አወጣ። «ይህ የራሺድ አይደለም፤ አይሸጠውም» አለኝ። «ቴምሩን ያዝ።» የመንገዱን ዳር ይዘን ወደ ዘምባባው ሄድን። መዳቡ ፀሐይ ጠጥቶ ትከሻውን ያቃጥለው ስለነበር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያዘዋውረዋል።

ሽማግሌው ሐመድ በር ላይ ነበሩ። አንሶላውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «መለሰው?»

«አይደለም፣ ወላሂ!» አልሁ አባቴን ሳልጠብቅ። «ራሳቸው ሊያመሰግኑ እየመጡ ነበር። በራሷ ውኃ። ይህን ቴምር ይዘው። መኪናዋ እዚያ ቆመች።»

ወደ መንገዱ ተመለከቱ። «እሱስ የት አለ?»

«ልጃቸው ወሰዳቸው።»

ሽማግሌው ከቅርጫቱ አንድ ቴምር አንሥተው በጣታቸው መካከል ያዙት፤ አልበሉትም። መኪናቸው በዘምባባው ሥር ኮፈኗን እንደ ከፈተች ቆማለች፤ አባቴ ራዲያተሩን ከፊቷ አጋድሞ ወገቡን ይዞ ተቃና። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለምን እስካሁን ለማንም እንዳልታየው ገረመኝ። ይህ ራዲያተር ወደ ቦታው ሲመለስ ይህች መኪና ትሄዳለች፤ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ሹፌር አለው።

«ያ ዐም» አልኋቸው፣ «እርስዎ ሹፌር አይፈልጉም? አባቴ ጎበዝ ነው። እናቴም ትሠራለች። እዚሁ መኖር እንችላለን።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። እጃቸው ከባድ ነበር። ከእርሻው ወዲያ ወዳለው አዲስ ቪላ፣ በሩ ላይ ወደ ተደረደሩት ነጫጭ መኪኖች አሻግረው አዩ።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔም እንደ ወንድሜ ወንዶች ልጆች አሉኝ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ዐረብኛው የማይበቃው መስሎኝ፣ «ሹፌር አላቸው፤ ልጆቻቸው ይነዱላቸዋል ነው የሚሉት» ብዬ ተረጐምሁለት።

አባቴ አላረመኝም።